ኪራይ ሲያቅት ቤት እንዳይጠፋ፦ በአሜሪካ ሃውሲንግ ውስጥ ለሚኖሩ ወገኖች

ሃውሲንግ ውስጥ የሚኖር ወገናችን ሥራ ሲቀንስበት ወይም ሲታመም መጀመሪያ የሚያደርገው ከጓደኛ መበደር ነው። ብድሩ አንድ ወር ያሻግረዋል። በሁለተኛው ወር ይሉኝታ ይይዘውና ዝም ይላል። በሦስተኛው ወር በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፋል። የሚያሳዝነው፣ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት አብዛኛው ሊቀር ይችል ነበር። የሃውሲንግ ኪራይ እንደ ግለሰብ ቤት ኪራይ አይደለም፤ ገቢ ሲወርድ አብሮ እንዲወርድ ሆኖ በሕግ የተቀረጸ ነው። ግን በራሱ አይወርድም፤ ተከራዩ ማመልከት አለበት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከብድርም ከእርዳታም በፊት ኪራዩን ከማስተካከል ይጀምራል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሊዝዎን ያውጡ

ሊዙ ላይ አከራይ በሚለው ቦታ የተጻፈውን ስም ያንብቡ። የከተማው ወይም የካውንቲው የቤቶች ባለሥልጣን፣ ማለትም በተለምዶ ሃውሲንግ የምንለው መሥሪያ ቤት፣ ራሱ አከራይ ከሆነ የሚኖሩት ፐብሊክ ሃውሲንግ ውስጥ ነው። አከራዩ ግለሰብ ወይም ኩባንያ ሆኖ ሃውሲንጉ ከኪራዩ ከፊሉን የሚከፍልልዎ ከሆነ ደግሞ ያለዎት ቫውቸር ነው፤ ሰዉ ሴክሽን ኤይት የሚለው። ሦስተኛም ዓይነት አለ። ከ2012 ወዲህ ብዙ ሕንፃዎች ራድ በሚባል ፕሮግራም ከፐብሊክ ሃውሲንግነት ወደ ሴክሽን ኤይት ተዛውረዋል። ስለዚህ የድሮ ቤትዎ ውስጥ ተቀምጠውም ሊዝዎ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

በሦስቱም ኪራዩ በገቢ የሚሰላ ነው። ልዩነቱ ለማን እንደሚያመለክቱ ነው። ቫውቸር ያለው ሰው ችግሩን ለአከራዩ ብቻ ነግሮ ሃውሲንጉን ካላሳወቀ ኪራዩ አይቀነስለትም። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው በሲያትልና በዋሽንግተን ዲሲ ያሉት ባለሥልጣናት ሙቪንግ ቱ ወርክ በሚባለው አሠራር አንዳንድ ሕጎችን በራሳቸው መንገድ እንዲያስኬዱ የተፈቀደላቸው ናቸው። እዚያ ከሆኑ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ የነገረዎትን እንዳለ አይውሰዱ፤ ቢሮውን ይጠይቁ።

ገቢ እንደቀነሰ በጽሑፍ ያሳውቁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህንን ይያዙ። በ1969 በሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ስም የሚጠራው ማሻሻያ የፐብሊክ ሃውሲንግ ኪራይ ከተከራዩ ገቢ 25 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ በ1981 ገደቡ ወደ 30 በመቶ ከፍ አለ። ዛሬም አብዛኛው ተከራይ የሚከፍለው ተቀናሾች ከወጡ በኋላ ከሚቀረው የወር ገቢው 30 በመቶውን ነው።

አረጋውያንን ቤት ለቤት እየሄደች የምትንከባከብ አንዲት እናት እናስብ። ተቀናሹ ወጥቶ የወር ገቢዋ 2,400 ዶላር ነበር፤ ኪራይዋ 720 ዶላር ነው። ከምትንከባከባቸው አንዱ አዛውንት ያርፉና ሰዓቷ በግማሽ ይቀንሳል፤ ገቢዋ 1,200 ይሆናል። በስሌቱ ኪራይዋ 360 መሆን ነበረበት። ካላሳወቀች ግን በየወሩ 720 መጠየቋ ይቀጥላል። የቻለችውን 360 እየከፈለች አራት ወር ብትቆይ 1,440 ዶላር ዕዳ ይቆለልባታል። ይህ ዕዳ በጊዜ ብታመለክት ኖሮ ጨርሶ የማይኖር ነው።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። ስምዎን፣ የቤት ቁጥርዎን፣ ገቢዎ የቀነሰበትን ቀንና ምክንያት፣ አሁን የሚያገኙትን መጠን ይጻፉ። ከዚያ ኢንተሪም ሪኤግዛሚኔሽን እንዲደረግልዎ እንደሚጠይቁ ይግለጹ፤ ይህ ዓመታዊው እድሳት ሳይደርስ ኪራይ እንደገና የሚሰላበት አሠራር መጠሪያ ነው። ቀን ይጻፉበት፣ ይፈርሙ። ሲያስገቡ ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱና በእርስዎ ቅጂ ላይ የተቀበሉበትን ቀን ማኅተም ያስመቱ። በኢሜይል ከላኩ መልእክቱን አያጥፉ። ለማኔጀሩ በኮሪደር ላይ መንገር ማሳወቅ አይባልም፤ ማኔጀር ይቀየራል፣ ወረቀት ግን ይቀራል።

ቀኑ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ቅናሹ ባብዛኛው ካሳወቁ በኋላ ካለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ስለሚታሰብና ያለፈውን ማስመለስ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። የገቢው መቀነስ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ እንደገና ላያሰሉት ይችላሉ። ቢሆንም ከመሞከር አይቦዝኑ፤ ዝቅ ያለ መለኪያ የሚጠቀሙ ቢሮዎች አሉ።

ማስረጃውን ማመልከቻው ላይ አያይዙ፦ ከአሠሪ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የመጨረሻዎቹን የደመወዝ ወረቀቶች፣ የሥራ አጥ ክፍያ ወይም የሕክምና ፈቃድ ወረቀት። ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ሰዎች ደብዳቤ የሚጽፍላቸው አሠሪ ስለሌለ በዚህ ይቸገራሉ። አፑ ላይ ያለውን ሳምንታዊ የገቢ ዝርዝር አትመው ከመኪናው ወጪ መዝገብ ጋር ያቅርቡ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከሌላቸው ሰዎች የተሻለ ሁኔታ ላይ ናቸው፤ ገቢያቸው ከሳምንት ሳምንት ሲወርድ በግልጽ ይታያል።

ዕቁብ ለሚጥሉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዕቁብ ሲወጣልዎት ባንክዎ ውስጥ በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ዶላር ይገባል፣ ሃውሲንጉም የባንክ ዝርዝር ሲያይ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። ገንዘቡ በየወሩ ከራስዎ ኪስ የወጣ ቁጠባ መሆኑን የሚያሳይ፣ በዕቁቡ ጸሐፊ የተፈረመ ወረቀትና የከፈሉበትን ደረሰኝ አስቀድመው ያዘጋጁ።

ገቢ ሲጨምርም ሊዙ በሚለው ጊዜ ውስጥ ያሳውቁ። ባለሥልጣናቱ ኢ አይ ቪ በተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት የደመወዝና የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብን ስለሚያዩ የተደበቀ ሥራ ዘግይቶም ቢሆን ይወጣል። ያኔ የሚጠየቀው ያለፈው ልዩነት በሙሉ ነው፤ ሊዝም ሊያስቋርጥ ይችላል።

የሚቀነስልዎትን ሁሉ ማስቆጠርዎን ያረጋግጡ

30 በመቶው የሚሰላው ተቀናሾች ከወጡ በኋላ ባለው ገቢ ላይ ስለሆነ ያልተቆጠረ ተቀናሽ በየወሩ ገንዘብ ያስከፍላል። ለእያንዳንዱ ልጅ ተቀናሽ አለ። የቤቱ ኃላፊ ወይም የትዳር ጓደኛው 62 ዓመት ከሞላው ወይም አካል ጉዳት ካለበት ለቤተሰቡ ሌላ ተቀናሽ ይታሰባል፤ ከተወሰነ መጠን ያለፈ የሕክምና ወጪም፣ መድኃኒትንና የኢንሹራንስ ክፍያን ጨምሮ፣ ሊቀነስላቸው ይችላል። ለመሥራት ወይም ለመማር ሲሉ ለልጅ ጥበቃ የሚከፍሉትም እንደዚሁ።

ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ግን አይቀነስም። ለእናትዎ በየወሩ 300 ዶላር ቢልኩ ለሃውሲንጉ ያ 300 በእጅዎ እንዳለ ይቆጠራል። ይህን አውቆ መወሰን የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ኪራይ ሳይከፈል ሐዋላ የተላከባቸው ወራት ግን ፍርድ ቤት ማስረዳት የሚቻልባቸው አይደሉም።

ገቢ ጨርሶ ከቆመ

ገቢ ለሌለው ሰው ሃውሲንጉ ዝቅተኛ ኪራይ ሊያስከፍል ይችላል፤ ከ50 ዶላር ግን አይበልጥም። ያም ካቃተ ሃርድሺፕ ኤግዘምፕሽን ይጠይቁ። ሥራ ማጣት፣ በቤተሰብ ውስጥ ሞት መድረሱ፣ የመንግሥት ድጎማ መቋረጡ ወይም ገና መልስ አለማግኘቱ በቂ ምክንያቶች ናቸው። ጥያቄው ከቀረበበት ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ዝቅተኛው ኪራይ መታገድ አለበት፣ ለ90 ቀንም በዚህ ምክንያት ከቤት ሊያስወጡዎት አይችሉም። ችግሩ ጊዜያዊ ነው ከተባለ የታገደው ኪራይ በኋላ በስምምነት ይከፈላል። የረጅም ጊዜ ከሆነ ነፃ ይሆናሉ።

ፍላት ሬንት የመረጡ ሰዎችም አሉ፤ ገቢያቸው ሲያድግ ቁርጥ ያለ ኪራይ የተሻላቸው። ይህ ምርጫ በዓመት አንዴ የሚደረግ ቢሆንም ችግር ከገጠመ ዓመቱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። በገቢ ወደሚሰላው ኪራይ እንዲመልሱዎት ወዲያውኑ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ዕዳ አስቀድሞ ካለ

ቢሮው ሌጀር የሚባለውን የሒሳብ ዝርዝርዎን እንዲያትምልዎ ይጠይቁና መስመር በመስመር ያንብቡት። ኪራይ የመሰለ ነገር ሁሉ ኪራይ አይደለም። የዘገየ ክፍያ ቅጣት፣ የተሰበረ በር መጠገኛ፣ የጠፋ ቁልፍ ሁሉ አንድ ላይ ተደምሮ ይመጣል። የከፈሉት መኒ ኦርደር ሳይመዘገብ የቀረበት ጊዜም ይኖራል። ለዚህ ነው ጥሬ ገንዘብ ፈጽሞ አይስጡ የምለው፤ የመኒ ኦርደሩን ቁራጭ ቢያንስ እስከ ዓመታዊው እድሳት ድረስ ያስቀምጡ።

የቀረው ዕዳ እውነተኛ ከሆነ ሪፔይመንት አግሪመንት፣ ማለትም በየወሩ ከፋፍሎ የመክፈል ስምምነት፣ ይጠይቁ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚጎዱት በይሉኝታ ነው። ማኔጀሩ ፊት ተቀምጠው 200 ዶላር እከፍላለሁ ብለው ይፈርማሉ፣ በሁለተኛው ወር ይሰበራል፣ የተሰበረ ስምምነት ደግሞ ከመጀመሪያው ዕዳ የባሰ ክስ ይሆናል። 50 ዶላር ከሆነ የሚችሉት 50 ይበሉ። ሳይገባዎት አይፈርሙ፤ ወረቀቱን ቤት ወስጄ ላሳይ ማለት ነውር የለውም።

ከዚያ በኋላ የአንድ ጊዜ እርዳታ ይፈልጉ። በስልክ 211 ሲደውሉ በአካባቢዎ የኪራይ ገንዘብ ያላቸውን ድርጅቶች ይነግሩዎታል፤ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ካቶሊክ ቻሪቲስ፣ ሳልቬሽን አርሚና ሴንት ቪንሰንት ደ ፖል በብዙ ከተሞች ይህን ይሰጣሉ፤ እምነትዎን ሳይጠይቁ ይረዳሉ። የካውንቲው ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮም የራሱ ፈንድ ሊኖረው ይችላል። ሊዝ፣ ሌጀር፣ የደረሰዎትን ማስጠንቀቂያ፣ መታወቂያና የገቢ ማስረጃ በአንድ ፖስታ ይዘው ይሂዱ። ድጎማ ያለበት ቤት ውስጥ ያለ ሰው የማይቀበሉ ፈንዶች ስላሉ ከመሰለፍዎ በፊት ይህን ይጠይቁ። ሁሉም ግን አንድ ጥያቄ አላቸው፦ በሚመጣው ወር መክፈል ትችላለህ ወይ? ኪራዩ አስቀድሞ ወደ 360 የወረደለት ሰው አዎ ማለት ይችላል። ኪራዩ 720 ላይ የቆመበት ሰው ማመልከቻ ግን ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል። ኪራዩን ማስተካከል ይቅደም ማለቴ ለዚህ ነው።

ወረቀት በር ላይ ሲለጠፍ

ወረቀቱን ይክፈቱት። እንግሊዝኛው ካልገባዎት በዚያው ቀን የሚያነብልዎት ሰው ይፈልጉ። ልጅዎን ግን አያስተርጉሙ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ከቤት ልንወጣ ነው የሚለውን ደብዳቤ ለእናቱ ማንበብ የለበትም፣ የሕግ ቃላቱንም አያውቃቸውም። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እዚያ ያሉ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው።

ማስጠንቀቂያው ምክንያቱን መግለጽ አለበት። በ1969 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖርዝ ካሮላይና ደርሃም ከተማ የቤቶች ባለሥልጣን ላይ በቀረበው የቶርፕ ጉዳይ የወሰነው ይህንኑ ነው፦ የፐብሊክ ሃውሲንግ ተከራይ ለምን እንደሚወጣ ሳይነገረው ማስወጣት አይቻልም። ኪራይ ባለመክፈል ከሆነ የፌዴራል ደንቡ የተወሰኑ የማስጠንቀቂያ ቀናት ይሰጣል፤ እንደ ስቴቱ ሕግ ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀኖች ፈልገው ያስምሩባቸው፦ የመክፈያውን የመጨረሻ ቀንና ግሪቫንስ ሂሪንግ የሚባለውን የቅሬታ መስሚያ የሚጠይቁበትን የመጨረሻ ቀን።

ሁለተኛውን ቀን ሰዉ ሳያየው ያልፋል፤ እኔ ግን የፐብሊክ ሃውሲንግ ተከራይ ካሉት መብቶች ሁሉ ትልቁ እሱ ይመስለኛል። የግለሰብ ተከራይ ይህ የለውም። ቅሬታውን በጽሑፍ በጊዜው ካቀረቡ፣ ከአንዳንድ የወንጀል ጉዳዮች በስተቀር፣ ሂደቱ እስኪያልቅ ሊዝዎ አይቋረጥም። ከመስሚያው በፊት በእርስዎ ጉዳይ ያላቸውን ሰነድ ማየትና መገልበጥ ይችላሉ። የሚናገርልዎት ሰው ይዘው መግባትም ይፈቀድልዎታል። ያ ማኅተም የተመታበት የገቢ ማመልከቻ ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ነው፤ አሳውቄያለሁ ብሎ ማስረጃ ማቅረብና ማኔጀሩን ነግሬው ነበር ማለት አንድ አይደሉም።

ፍርድ ቤት ከተጠሩ

ይሂዱ። ሥራ ቢያስቀርም፣ ዕዳው እውነት ቢሆንም፣ ገንዘቡ ባይኖርም ይሂዱ። የቀረ ተከራይ ጉዳዩ ሳይሰማ ይፈረድበታል። የሄደ ተከራይ ግን በዚያው ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ስምምነት ሊያገኝ ይችላል። ዋሽንግተን ስቴት በ2021 ለድሃ ተከራዮች በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆም በመደንገግ ከስቴቶች የመጀመሪያው ሆነ፤ በሲያትልና በአካባቢው ለዚህ ሃውሲንግ ጀስቲስ ፕሮጀክትን ያነጋግሩ። ሜሪላንድም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ሌላ ቦታ ያላችሁ የአካባቢያችሁን ሊጋል ኤይድ ጠይቁ። የፍርድ ቤቱን አስተርጓሚ ከቀጠሮው ቀን በፊት ደውለው ያስይዙ። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በኪራይ ዕዳ የተፈረደበት ተከራይ ማርሻሎቹ መጥተው እስኪያስወጡት ድረስ ዕዳውን በሙሉ ከፍሎ ቤቱን ማዳን ይችላል።

በኪራይ ሳይሆን በሌላ ቤት የሚያሳጡ ነገሮች

ፐብሊክ ሃውሲንግ ውስጥ የሚኖር የማይሠራ አዋቂ በወር 8 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ወይም የሥራ ሥልጠና ላይ መገኘት አለበት። ይህ በ1998 በወጣ ሕግ የመጣ ግዴታ ነው፣ ካልተፈጸመም ሊዙ አይታደስም። 62 ዓመት የሞላቸው፣ በአካል ጉዳት መሥራት የማይችሉ፣ እነሱን የሚያስታምሙና ሥራ ያላቸው ነፃ ናቸው። ነፃ የሆነ ሰውም ቅጹን መሙላት አለበት። ሥራ ያቆመ የ19 ዓመት ልጅ ካለዎት ሰዓቱን በየወሩ እየተፈረመ እንዲይዝ ያድርጉ።

እንግዳ ላይም ይጠንቀቁ። ከአገር ቤት የመጣችን አክስት ለሦስት ወር ማሳደር ለእኛ ወግ ነው፤ ሊዙ ግን እንግዳ የሚያድርበትን ቀን ይገድባል። ሳትመጣ ቢሮውን በጽሑፍ ያስፈቅዱ። በ2002 በኦክላንድ ነዋሪዎች ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የቤተሰብ አባል ወይም እንግዳ በአደንዛዥ ዕፅ ከተያዘ ተከራዩ ባያውቅም ሊዙ ሊቋረጥ ይችላል ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ለማን ቁልፍ እንደሚሰጡ በደንብ ያስቡበት።

በቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስባቸው እህቶች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ቫዋ በተባለው ሕግ በደረሰባችሁ ጥቃት ምክንያት ቤት አትቀሙም። ጥቃት አድራሹ ከሊዙ እንዲወጣ፣ ወይም እናንተ ወደ ሌላ ቤት እንድትዛወሩ መጠየቅ ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ ራሳችሁ የምትሞሉት ቅጽ በቂ ሲሆን ቢሮውም ምስጢሩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሽምግልናው ቢቀጥልም ባይቀጥልም ቅጹን ሙሉ።

ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንት ወላጆች፣ ችግር ሲፈጠር የሚደወልለት ሰው ስም ፋይላቸው ውስጥ እንዲገባ ይጠይቁ። ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አለ። ቢሮው ያን ሰው ሊያነጋግረው የሚችለው ስሙ ከተመዘገበ ነው።

ቤቱ ከተረጋጋ በኋላ

ሃውሲንግዎ ፋሚሊ ሰልፍ ሰፊሸንሲ የሚባል ፕሮግራም እንዳለው ይጠይቁ። በ1990 የተጀመረ ነው፣ ኮንትራቱ ባብዛኛው አምስት ዓመት ነው፣ ወገኖቻችንም ካለማወቅ ያልፉታል። ያቺን ተንከባካቢ እናት እንመልከት። ኪራይዋ 360 በሆነ ጊዜ ፕሮግራሙን ብትገባና በኋላ ሰዓቷ ተመልሶ ኪራይዋ 720 ቢሆን፣ የጨመረው 360 ዶላር ወይም አብዛኛው በየወሩ በስሟ በተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ይገባላታል። ቃል የገባችበትን ግብ ጨርሳ ስትወጣ ገንዘቡ የእሷ ነው፤ ለቤት መግዣም ለትምህርትም ታውለዋለች። መግባት የሚጠቅመው ገቢ ዝቅ ባለበት ጊዜ ስለሆነ፣ የገቢ ቅነሳ ማመልከቻውን በሚያስገቡበት ቀን ስለዚህም ይጠይቁ።

ይህን ጽሑፍ እንግሊዝኛ ለማያነቡ ጎረቤቶችዎ፣ በተለይም ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶችና አባቶች ያንብቡላቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ያልተከፈተ ፖስታ ካለ አብረው ይክፈቱት፣ ቀኑን ይዩ፣ ቀኑ ካላለፈም በዚያው ዕለት ማመልከቻውን ጽፈውላቸው ቢሮ ድረስ ይሸኟቸው።